ተስፋ የተጣለባቸው ተጫዋቾች
ለስፖርት አሠልጣኞችና ለአካል ማጎልመሻ መምህራን የቀረበ ንግግር



በአማርኛ «ተስፋ የተጣለበት ወጣት» ይባላል። ግብር ይጣላል፤ ቅጣት ይጣላል፤ ኃላፊነት ይጣላል፤ ተስፋም እንደዚሁ በሰው ላይ ይጣላል። አባባሉ የያዘው እውነት ቀላል አይደለም። ተስፋ ለሚጥለው ሰው ደስታ ሲሆን ለሚሸከመው ግን ሸክም ነው፤ ሸክም ደግሞ ጫኚ አለው። ስለ ወጣት ተጫዋቾች በተነጋገሩ ቁጥር አዘውትሮ የሚመረመረው ተሸካሚው ነው፤ ቻለ ወይስ ወደቀ ተብሎ ይጠየቃል። ጫኚው፣ ማለትም መራጩ ኮሚቴ፣ አሠልጣኙና ፌዴሬሽኑ፣ በምን መዝኖ፣ መቼና ምን ያህል እንደ ጫነ ሲጠየቅ እምብዛም አይሰማም። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ማንሣት ነው።

ለምሳሌነት የተመረጠው ስፖርት ክሪኬት ነው። ክሪኬት በኢትዮጵያ እምብዛም የማይዘወተር ጨዋታ ቢሆንም ለዚህ ጉዳይ የሚመችበት ምክንያት አለ። በዚህ ስፖርት እያንዳንዱ ውርወራና እያንዳንዱ ነጥብ በመዝገብ ይሰፍራል። የመጀመሪያው ቴስት፣ ማለትም በብሔራዊ ቡድኖች መካከል የሚደረገው ረጅሙ ግጥሚያ፣ በማርች 1877 በሜልቦርን ከተማ ከተካሄደ ወዲህ የመጣው ውጤት ሁሉ ተጽፎ ይገኛል። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ስለሆነም መራጮች ማንን እንደ ጠሩ፣ ማንን እንዳሰናበቱ፣ ውሳኔያቸውም ምን ፍሬ እንዳፈራ ከብዙ ዓመታት በኋላ መልሶ መመርመር ይቻላል። ይህን ያህል መዝገብ ያለው ስፖርት በወጣቶች ምዘና ከተሳሳተ፣ መዝገቡ የሳሳ ስፖርት ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚገባው መገመት አያዳግትም።

ጨዋታውን ባጭሩ ለመግለጽ፦ ሁለት ቡድኖች ዐሥራ አንድ ዐሥራ አንድ ሆነው ይሰለፋሉ። በገና ጨዋታ እሩሩ በበትር እየተመታ ወደ ግብ ይነዳል፤ በክሪኬት ግን አንዱ ወርዋሪ ከ20 ሜትር ገደማ ርቀት ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፤ መቺው በሰፊ የእንጨት መምቻ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች እየተከላከለ ኳሱን መትቶ ያርቃል፤ ከጓደኛውም ጋር ቦታ እየተለዋወጠ በመሮጥ ነጥብ ያስቆጥራል። እንጨቶቹ በኳሱ ከተመቱ፣ ወይም የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ መቺው ይሰናበታል፤ ተራውም ያበቃል። ቴስት እስከ አምስት ቀን ይዘልቃል፤ እያንዳንዱ ቡድንም እስከ ሁለት ጊዜ የመምታት ተራ ያገኛል። የመቺ ችሎታ በተለምዶ የሚለካው በአማካይ ነጥቡ ሲሆን፣ ይኸውም ያስቆጠረው ነጥብ ለተሰናበተበት ጊዜ ብዛት ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ነው። በቴስት 50 የደረሰ አማካይ የታላቅ መቺ ምልክት ሆኖ ይቆጠራል።

እንግዲህ ከሁሉ በላይ ከሆነው ሰው መጀመር ይገባል። አውስትራሊያዊው ዶናልድ ብራድማን 52 ቴስቶች ተጫውቶ 6,996 ነጥብ አስቆጠረ፤ አማካዩም 99.94 ሆኖ ተመዘገበ። ወደዚህ ቁጥር የተጠጋ ሌላ ታላቅ መቺ እስከ ዛሬ አልታየም። ይህ ሰው በ20 ዓመቱ፣ በኖቬምበር 1928፣ በብሪዝበን የመጀመሪያ ቴስቱን ሲጫወት ያስቆጠረው በአንደኛው ተራ 18፣ በሁለተኛው 1 ነጥብ ብቻ ነበር። መራጮቹም ለሁለተኛው ግጥሚያ ከዋናዎቹ ተሰላፊዎች አውጥተው ዐሥራ ሁለተኛ ተጠባባቂ አደረጉት። በሦስተኛው ግጥሚያ ሜልቦርን ላይ ሲመለስ 79 እና 112 አስቆጠረ። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት መራጮቹ ሞኞች ነበሩ የሚል አይደለም። በእጃቸው የነበረው የቴስት ማስረጃ የሁለት ተራ ውጤት ነበር፤ ሁለት ተራ ደግሞ ስለ ማንም ሰው ምንም አይናገርም። የሚመሰገኑት አንድ ግጥሚያ ብቻ አሳልፈው መልሰው በመጥራታቸው ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ምሳሌ ግሬም ሂክ ነው። በቀድሞዋ ሮዴዢያ፣ በዛሬይቱ ዚምባብዌ፣ ተወልዶ ያደገው ይህ መቺ ለእንግሊዝ ለመሰለፍ የሚያበቃውን የነዋሪነት ጊዜ እስኪፈጽም ድረስ ሰባት ዓመት ጠበቀ። በእነዚያ ዓመታት በእንግሊዝ የካውንቲዎች ውድድር የነጥብ ናዳ አወረደ፤ በ1988 በአንድ ተራ ብቻ 405 አስቆጥሮ ሳይሰናበት ወጣ። የሚፈቀድለት ቀን እስኪደርስ ጋዜጦች ቀን ይቆጥሩ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጁን 1991 ከዌስት ኢንዲስ አስፈሪ ፈጣን ወርዋሪዎች ፊት በቆመ ጊዜ ግን የመጀመሪያ ሁለት ተራዎቹ በ6 እና በ6 ነጥብ ተፈጸሙ። በሥራ ዘመኑ በአንደኛ ደረጃ ግጥሚያዎች 136 ጊዜ መቶና ከመቶ በላይ ያስቆጠረ፣ አማካዩም ከ52 ያለፈ ሰው፣ በ65 ቴስቶች ያገኘው አማካይ 31.32 ብቻ ሆነ።

ከዚህ ሁለት ነገር መማር ይቻላል። አንደኛው፣ ቁጥር በራሱ ሐሰት ባይሆንም የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። የካውንቲው ቁጥር ሂክ መካከለኛ ወርዋሪዎችን እንዴት እንደሚያሸንፍ አሳየ፤ ወደ ደረት የሚነሣ ፈጣን ኳስ ግጥሚያ ከግጥሚያ ሲከታተልበት ምን እንደሚያደርግ ግን አልተጠየቀም፣ አልመለሰምም። ሁለተኛው፣ ሸክሙ ገና ሳይጫን ክብደቱ በአደባባይ ተነግሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሂክ ለዓመታት ከቡድኑ ሲወጣና ሲገባ ኖረ። በእያንዳንዱ ግጥሚያ ቦታውን ለማስጠበቅ የሚጫወት ሰው ያለውን ችሎታ ሁሉ አውጥቶ ያሳያል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል። ውጤቱ የእርሱ ነው፤ ሁኔታው ግን የመራጮቹም ጭምር ነው። መራጭ የራሱን ድርሻ ትቶ ጥፋቱን ሁሉ በወጣቱ ላይ ሲያላክክ «የአብዬን ወደ እምዬ» የተባለው ይደርሳል።

ስለ ትዕግሥት የተነሣ እንደ ሆነ የስሪላንካውን ማርቫን አታፓቱ የሚያህል ምስክር አይገኝም። በኖቬምበር 1990፣ ሃያ ዓመት እንደ ሞላው፣ ሕንድ አገር የመጀመሪያ ቴስቱን ተጫወተ፤ በሁለቱም ተራ ዜሮ አስቆጠረ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በኦገስት 1992፣ እንደገና ተጠርቶ ከአውስትራሊያ ጋር ሲጫወት 0 እና 1 ሆነለት። በፌብሩዋሪ 1994 ለሦስተኛ ጊዜ ተጠርቶ ዳግመኛ በሁለቱም ተራ ዜሮ ተመዘገበበት። ከሦስት ዓመት በላይ ባስቆጠረ ጊዜ ውስጥ ስድስት ተራ፣ አንድ ነጥብ! ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ገደማ ከቴስት ርቆ ቆይቶ በ1997 ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበርም በሕንድ ላይ የመጀመሪያ መቶውን አስቆጠረ። የሥራ ዘመኑ ሲፈጸም 90 ቴስቶች፣ 5,502 ነጥብና 16 መቶዎች ነበሩት፤ ከእነዚህም ስድስቱ ከሁለት መቶ በላይ የሆኑ ናቸው። የአገሩንም ቡድን በአምበልነት መራ።

ይህን ታሪክ ጽናትን ለማስተማር ብቻ መተረክ ግማሹን መተው ነው። የአታፓቱ የመምታት ሥልት የጠራና የተስተካከለ እንደ ነበር የጨዋታው ዐዋቂዎች ይመሰክራሉ። መልሰው የጠሩት መራጮች ከዜሮዎቹ ባሻገር ያዩት ነገር ነበር ማለት ነው፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የሰጡት ዕድል ምን ይመስል ነበር? በሁለት ዓመት አንዴ፣ አንድ ግጥሚያ! ተማሪን በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ፈትኖ ውጤቱን የሚያውጅ መምህር ቢገኝ ባልደረቦቹ ምን ይሉት ነበር? ወጣቱን ለአንድ ግጥሚያ ጠርቶ ማሰናበት ምዘና አይባልም። አታፓቱ ይህን ተሻግሮ በመገኘቱ ስሙ ይታወቃል፤ በተመሳሳይ መንገድ ተጠርተው፣ በተመሳሳይ መንገድ ተሰናብተው ያልተመለሱት ግን በመዝገቡ ውስጥ ከአንዲት መስመር በላይ አልቀራቸውም።

እስካሁን የተነገረው ስለ መቺዎች ነው፤ በወርዋሪዎች ዘንድ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም የአካል ጉዳይ ነው። ፈጣን ወርዋሪ ሮጦ መጥቶ በአንድ እግሩ ላይ ሲያርፍና ወገቡን ሲያዞር በታችኛው የጀርባ አጥንቱ ላይ ብርቱ ጫና ይደርሳል። አጥንቱ ገና ያልጠነከረ ወጣት ይህን ቀን በቀን ሲደጋግም አጥንቱ ይሰነጠቃል። ለዚህም ነው የእንግሊዝ ክሪኬት ቦርድ ወጣት ፈጣን ወርዋሪዎች በአንድ ጊዜም ሆነ በአንድ ቀን ሊወረውሩ የሚችሉትን መጠን በየዕድሜያቸው የወሰነው።

የአውስትራሊያው ፓት ከሚንስ ታሪክ ለዚህ አብነት ይሆናል። በኖቬምበር 2011፣ በ18 ዓመቱ፣ በጆሃንስበርግ የመጀመሪያ ቴስቱን ሲጫወት በሁለተኛው ተራ ስድስት መቺዎችን አሰናበተ፤ ቡድኑን ለድል ያበቃችውንም የመጨረሻ ምት የመታው እርሱ ነበር። የግጥሚያው ኮከብ ተብሎም ተሸለመ። ቀጣዩን ቴስት የተጫወተው ግን በማርች 2017 ነው። በመካከሉ ያለፉት ከአምስት የሚበልጡ ዓመታት የወገብና የሌላም ጉዳት፣ የሕክምናና የማገገሚያ ዓመታት ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት ወጣቱ አልተጣለም፤ ሐኪሞችና አሠልጣኞች እየተከታተሉት በአጫጭሮቹ ግጥሚያዎች ቀስ በቀስ ሸክሙን እንዲለምድ ተደረገ። በኖቬምበር 2021 የቴስት ቡድኑ አምበል ሆነ፤ በ2023ም በእርሱ መሪነት አውስትራሊያ የዓለም የቴስት ሻምፒዮናንና የዓለም ዋንጫን አሸነፈች። ከዚህ እንደሚታየው ችሎታ ከአካል ቀድሞ ሊበስል ይችላል። ችሎታውን ዐይቶ አካሉን ያላየ መራጭ የወጣቱን ግማሽ ብቻ መዝኗል።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ከምዘናው ሁሉ ይቀድማል፤ ለመሆኑ የሚታየው ማን ነው? በሕንድ አገር ለብዙ ዘመን ብሔራዊ ቡድኑ ከጥቂት ታላላቅ ከተሞች በመጡ ተጫዋቾች የተሞላ ነበር። ይህን ለመለወጥ የአገሪቱ ክሪኬት ቦርድ በ2002 አንድ የተሰጥኦ ፍለጋ ክፍል አቋቋመ፤ የቀድሞ ተጫዋቾችም በየክፍለ ሀገሩ እየዞሩ አነስተኛ ግጥሚያዎችን እንዲመለከቱና ሪፖርት እንዲያቀርቡ ተደረገ። ከእነዚህ አንዱ የነበሩት ፕራካሽ ፖዳር በ2003 በጃምሼድፑር በተደረገ ግጥሚያ ኳስን በተለየ ኃይል የሚመታ አንድ ወጣት ተመልክተው ሪፖርት አደረጉ። ወጣቱ ከራንቺ ከተማ የመጣውና በምድር ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪነት ይሠራ የነበረው ማሄንድራ ሲንግ ዶኒ ነው። በዲሴምበር 2004 ለአገሩ የመጀመሪያውን የአንድ ቀን ግጥሚያ ሲጫወት በገጠመው የመጀመሪያ ኳስ፣ አንድም ነጥብ ሳያስቆጥር፣ በሩጫ ላይ እንዳለ ተሰናበተ። ዕድል ግን አልተነፈገውም፤ በአምስተኛው ግጥሚያው፣ በኤፕሪል 2005፣ በፓኪስታን ላይ 148 አስቆጠረ። በኋላም በ2007 የሃያ ሃያውን፣ በ2011 ደግሞ የሃምሳ ሃምሳውን የዓለም ዋንጫ በአምበልነት ለአገሩ አስገኘ።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች እንግዳ አይሆንም። የአርሲዋ በቆጂ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ስታፈራ፣ በዚያች አነስተኛ ከተማ በቅርብ ሆኖ የሚያይ መምህር መኖሩ ምን እንደሚያደርግ ታይቷል። ይሁን እንጂ በሩጫ ሰዓት አለ፤ ሰዓት የማንን ልጅነትም ሆነ የትውልድ ቀዬ አይጠይቅም። ክሪኬትን፣ እግር ኳስንና መረብ ኳስን በመሳሰሉት የቡድን ስፖርቶች ግን ሰው የሚመዘነው በሰው ዐይን ነው። ዐይን ደግሞ የለመደውን ይወዳል።

ዐይን ብቻ ሳይሆን ሥርዓት ጭምር ሲታወር ምን እንደሚከተል የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ያስረዳል። ባሲል ዶሊቬራ በኬፕታውን ተወልዶ ያደገ ድንቅ ተጫዋች ነበር፤ በአፓርታይድ ሕግ «ክልስ» ተብሎ በመመደቡ ግን ለትውልድ አገሩ ብሔራዊ ቡድን መታሰብ እንኳ አይችልም ነበር። በ1960 ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ በ1966ም ለእንግሊዝ ተሰለፈ። በኦገስት 1968 በለንደን በአውስትራሊያ ላይ 158 አስቆጠረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚጓዘው ቡድን ሲታወቅ ስሙ አልነበረም። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ሌላ ተጫዋች በጉዳት ሲቀርም ዶሊቬራ ተተካ። ጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተር ይህን ቡድን አንቀበልም አሉ፤ ጉዞውም ተሰረዘ። ብዙም ሳይቆይ ደቡብ አፍሪካ ከ1970 እስከ 1991 ከዓለም አቀፍ ክሪኬት ተገልላ ኖረች። አንድ የመራጮች ኮሚቴ ነጥብ ከመቁጠር ሌላ ሚዛን ወደ ክፍሉ ያስገባ እንደ ሆነ ጉዳዩ የአንድ ተጫዋች መቅረት ብቻ ሆኖ እንደማይወሰን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

በማርች 1998 ማካያ ንቲኒ ለደቡብ አፍሪካ ቴስት የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። በምሥራቅ ኬፕ፣ ምዲንጊ በምትባል መንደር ከብት ሲጠብቅ ያደገው ይህ ፈጣን ወርዋሪ፣ በክሪኬት ማስፋፊያ ፕሮግራም አማካይነት ታይቶ ጥሩ ትምህርት ቤት እንዲገባ ተደረገ። በ101 ቴስቶች 390 መቺዎችን አሰናበተ። ከእርሱ በፊት በነበሩት ትውልዶች ስንት ንቲኒዎች ከብታቸውን እንደ ነዱ እንደ ቀሩ ማንም መዝገብ አይነግርም።

በመጨረሻ፣ መራጭ ሁሉንም በትክክል ቢያደርግ እንኳ የወደፊቱን ማወቅ እንደማይችል መታመን አለበት። በፌብሩዋሪ 1988 በቦምቤይ፣ በዛሬይቱ ሙምባይ፣ በትምህርት ቤቶች ውድድር ሁለት ጓደኛሞች ሳይሰናበቱ በጥምረት 664 ነጥብ አስቆጠሩ። ሁለቱም የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች፣ ሁለቱም የአንድ አሠልጣኝ፣ የራማካንት አችሬካር፣ ልጆች ነበሩ። ቪኖድ ካምብሊ 349፣ ሳቺን ቴንዱልካር 326 አስቆጠሩ። ካምብሊ በ1993 መጀመሪያ ቴስት ሲገባ በተከታታይ ግጥሚያዎች 224 እና 227 አስቆጠረ፤ በ17 ቴስቶች አማካዩ 54.20 ነበር። የመጨረሻ ቴስቱን የተጫወተው ግን በ1995፣ በ23 ዓመቱ ነው። ቴንዱልካር በበኩሉ በ16 ዓመቱ ፓኪስታን ላይ ተሰልፎ በመጀመሪያ የቴስት ተራው 15 አስቆጠረ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት የአንድ ቀን ግጥሚያዎቹ ዜሮ ተመዘገበበት፤ በዚያው ዓይነት ግጥሚያ የመጀመሪያ መቶውን ያገኘው በ79ኛው ነው። በ2013 ሲሰናበት 200 ቴስቶች፣ 15,921 የቴስት ነጥብና በሁሉም ዓይነት ግጥሚያ 100 መቶዎች ነበሩት። በ1988 የነጥቡን ወረቀት ይዞ የቆመ ሰው ከሁለቱ ልጆች የትኛው የት እንደሚደርስ ቢጠየቅ ወረቀቱ ምንም አይረዳውም ነበር። ምዘና እርግጠኝነትን አይሰጥም፤ «ላም አለኝ በሰማይ» ከማለት ይጠብቃል እንጂ።

ከእነዚህ ምሳሌዎች ተነሥቶ ለሙያው የሚበጀውን ማመልከት ይቻላል። የወጣት ውጤት በመዝገብ ሲሰፍር ከማን ጋር፣ በምን ሜዳና በስንት ዓመቱ እንደ ተገኘ አብሮ ይጻፍ፤ ያለዚያ ቁጥሩ እንደ ሂክ የካውንቲ ነጥብ ያልተጠየቀውን የመለሰ ያስመስላል። ወጣቱን የሚያየው ዐይን ከአንድ በላይ ይሁን፤ ተመልካቾቹም ሳይመካከሩ ያዩትን በየግላቸው ይጻፉ። ወጣት ከመጠራቱ በፊት ስንት ግጥሚያ እንደሚሰጠው ተወስኖ ለራሱ ይነገረው፤ በአንድ ቀን ውድቀትም ቃሉ አይታጠፍ። የእድገቱና የአካሉ ሁኔታ በሐኪም ይታይ፤ የልምምዱም መጠን ከዚያ ጋር ይመጣጠን። ተመልካች ወደ ዋናው ስታዲየም የሚመጣውን ከመጠበቅ ይልቅ ጨዋታው ወዳለበት መንደር ይሂድ።

ከሁሉ የቀለለው፣ ግን ከሁሉ ያነሰ የሚፈጸመው ሥራ ደግሞ ይህ ነው፦ የተሰናበተ ወጣት የተሰናበተበት ምክንያት ፊት ለፊት ይነገረው። በብዙ ቦታ ወጣቱ መቅረቱን የሚያውቀው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስሙን ፈልጎ ሲያጣ ነው። ምን እንደ ጎደለው ስለማያውቅ ሊያርመው አይችልም፤ ትምህርቱን ትቶ ከሆነም የሚመለስበት መንገድ አይታየውም። በአሥር ደቂቃ ውይይት ጉድለቱን ነግሮ፣ የሚሻሻልበትን ጠቁሞ፣ መቼ እንደገና እንደሚታይ ቀን ሰጥቶ መሸኘት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሜዳም ሆነ መሣሪያ አያስፈልገውም። ተስፋውን የጣለበት ሰው ሲያነሣለትም አብሮት ሊገኝ ይገባል።